ጦጣዋ የሰጠችው ወንዝ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከጠዋቱ 2 ሰዓት።

«ክብርት የት/ቤቶች የበላይ ኃላፊ፤ ክቡር የከተማው ምክር ቤት አባል፤ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፤ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፤ ውድ ወላጆች፤ ልጆች።» ሌላ ረቂቅ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ቀሲስ በዕድሜ ይቀድማሉ፤ ፓስተር ደግሞ ሳን ሆዜ ቀዬው ስለሆነ እንደ አስተናጋጅ ነው። ማን ይቅደም? ሁለቱንም «የሃይማኖት አባቶች» ብዬ ጠቀለልኋቸው። ይቀየሙኛል፤ እኩል።

አንተንም፣ ክቡር ማስታወሻዬ፣ እንደ ደንቡ ሰላም እላለሁ። ንግግሬን ሳያንቀላፋ የሚጨርስልኝ አንተ ብቻ ነህ።

ጉዳዩ ይህ ነው። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የሳን ሆዜ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ይሰበሰባሉ። የኦክላንዱን የቅዳሜ ትምህርታችንን ያያሉ። ከወደዱት በየክፍላቸው ይጀምሩታል። አሠራራችን ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ተረት፣ ከአንድ ሕዝብ፤ ከተረቱም አንድ ነገር ወጥቶ በልጆች እጅ ይሠራል። ከቬትናማዊቷ አያት ተረት የወረቀት ፋኖስ ወጣ። ከየመናዊው አባት ተረት የካርቶን ግመል ወጣ፤ አንገቱ አልቆም ብሎ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ተጋድሞ ያየኛል።

ሐሳቡ የሁለት ሰዎች ነው፤ የእኔና የወ/ሮ ለተብርሃን። እሷ ኤርትራዊት ናት፤ ሳንታ ክላራ በፋርማሲስትነት ትሠራለች፤ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አምባሳደር፤ መቀስ አያያዝ ገና የምማር። በዚህ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ሙጫ የሚካፈሉት እኛ ዘንድ ብቻ ነው ብል ማጋነን ይሆን? ሌላ ጠረጴዛ ግን አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። ከቀኑ 10 ሰዓት።

የዚህ ሳምንት ተራ የእኛ ነው። ተረቱ፦ ጦጣና ዔሊ ወንዝ ዳር እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ጦጣ ትሸነፋለች። ዔሊ አገር ስጪኝ ትላለች። ጦጣ ዙሪያዋን ቃኝታ ወንዙን ትሰጣታለች። ዔሊ ወንዝ ገብታ ምን አጥታ! አለቀ። አባቴ እንዲህ ነገሩኝ፤ እኔም ለልጄ እንዲሁ ነገርሁት።

የእጅ ሥራው የእኔ ፈጠራ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቤተሰቡ የመጣበትን አገር መዳፍ በሚያክል ካርቶን ላይ በጨርቅ ይሠራል። ከዚያ እንቆቅልሽ። መልስ ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ካርዱን ያስረክባል። ተቀባዩ ስለዚያ አገር አንድ ነገር ተምሮ ለሁላችን ይነግራል። «ባህል ከእጅ ወደ እጅ።» ሳን ሆዜ ላይ የሚጥም ሐረግ።

ለወ/ሮ ለተብርሃን በስልክ ነገርኋት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ጠየቀች፤ የተሸነፈው ልጅ ባዶ እጁን ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው? ጨዋታ ነው፣ አገር የሚሰጠው በአፍ ነው አልኋት። አሁን ግን በካርቶን ነው አለች። «እርስዎ ካሉ ይሁን፣ አምባሳደር።» ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ከበታቾቼ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም እንደ ስምምነት እቆጥረው ነበር።

አቶ ተስፋዬ ካርቶን ይዞ መጣ። ከኦክላንድ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ልጁ ኖኅ ከእኛ ጋር ይማራል። ጎበዝ፣ ቀልደኛ፣ እጁ የማይሰስት ሰው። ካርቶኑን ደጃፌ ላይ ቆልሎ «አምባሳደር፣ ስንት አገር ይበቃዎታል?» አለኝ። ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ሙጫው ከጣቴ አልለቀቀም። እንዲሁ እጽፋለሁ።

ጥሩ ተጀመረ። ተረቱን ነገርኋቸው። ጦጣዋን ወደዷት። መቀስ፣ ክር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ጫጫታ። ሉዋም፣ የወ/ሮ ለተብርሃን ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ፣ አስመራን ሠራች። የአያቷን ቤት፤ ቢጫ ግድግዳ፣ በረንዳ፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ዘንባባ። ባለፈው ክረምት ሄዳ አይታዋለች። ድመትም ጨመረች፤ ከቤቱ የምትበልጥ ድመት። አጠገቧ ኖኅ አዲስ አበባን ይሠራል፤ ታክሲ ብቻ ነው። ሙጫ ይቀባበላሉ። ይህን አይቼ ደስ ብሎኝ እንደነበረ ይመዝገብልኝ።

ከዚያ እንቆቅልሹ። ኖኅ ጠያቂ፣ ሉዋም መላሽ። «ስትጠጊው ይሸሻል፤ ስትሸሺው ይከተልሻል።» ጥላ ነው። አላወቀችም። «አገር ስጪኝ!» ሳንታ ክላራን ሰጠችው፤ እናቷ የምትሠራበትን። በአፍ። ልጁ ሊቀበል ነበር። አቶ ተስፋዬ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን እንደ ደገነ ጮኸ፤ «አትቀበል! ካርዱን በላት! አስመራን!» ወላጆች ሳቁ። ኖኅ ሳቁን ሰማ፤ ካርዱን ያዘ። እሷም ያዘች። የአያቴ ቤት ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ሳቁ ጨመረ። ካርዱ ዘንባባው አጠገብ ለሁለት ተቀደደ።

አላለቀሰችም። ቤቱንና ድመቷን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እናቷ ተንበርክካ አወጣቻት፤ ጃኬቷን አለበሰቻት። ለእኔ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተሰናበተች። ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ኤርትራውያን ቤተሰቦች በሙሉ ተከተሏት፤ አንድ በአንድ፣ በጨዋነት፣ በሩን ለኋለኛው እየያዙ።

ዘንባባው ያለበት ቁራጭ ወለል ላይ ቀረ። አንስቼ በገጾችህ መካከል አኑሬዋለሁ።

ለቅዳሜ ትምህርታችን ቦርድ የጻፍሁት፦ «መጠነኛ ግርግር ቢኖርም በጠቅላላው የተሳካ ነበር።» የጻፈው እጄ ነው፤ ልማዱ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 15። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ቪዲዮ አለ። አቶ ተስፋዬ በወላጆች የስልክ ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። ከሥሩ «አስመራ በሰላም ተመለሰች» ይላል፤ ቀጥሎ የሳቅ ምልክት በምልክት ላይ። ወደ ሌሎች ግሩፖች ተሻግሯል። የማላውቃቸው ሰዎች ከሁለቱም ወገን እየተሰዳደቡበት ነው፤ በአንዲት ሕፃን ካርቶን። ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ምእመን ትከሻዬን መታ አድርጎ «አምባሳደር፣ ድርድሩን በልጅ አስጨረሱት!» አለኝ። ባርኔጣዬን አድርጌ ሄድሁ።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁ። በኋላ ራሴን አገኘሁት፤ በስተቀኝ፣ ጥግ ላይ። አጨበጭባለሁ። በሁለት ጣት መዳፌን መታ መታ፤ የግብዣ ጭብጨባ። ፊቴ ላይ ያ ፈገግታ አለ፤ ሁሉን ለማስደሰት የተሠራው። ሉዋም ካርዱ ሲጎተትባት ቀና ብላ የምታየው እናቷን አይደለም። እኔን ነው። ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኛ።

ምሳ አልበላሁም። ምራቴ አመመዎት ወይ አለችኝ። ሙቀት ነው አልሁ። በየካቲት!

ሰኞ፣ የካቲት 16። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ልደውልላት ስል ቀደመችኝ። ድምፅዋ የረጋ ነው፤ ከዚህ የከፋ ድምፅ አላውቅም። እሷና ያመጣቻቸው ቤተሰቦች ለጊዜው ያርፋሉ። «ለጊዜው» ምን ማለት እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳን ሆዜም አይመጡም። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሁ። አስጨርሳኝ አመሰገነችኝ። ከዚያ በልጅነቷ አባቷ ከአዲስ አበባ ቤታቸው ተባርሮ አገር ሲወሰድበት ማየቷን ነገረችኝ። «አገር ስጡ ሲባል ስቄ አላውቅም፣ አምባሳደር። ሐሙስ ዕለት ልነግርዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ደስ ብሎዎት ነበር።»

ደስ ብሎኝ ነበር። አዎን።

ከቀኑ 9 ሰዓት።

የቦርዱ ጸሐፊ መጣ። በቴክኖሎጂ ሥራ የተሰማራ ወጣት፤ ፈጣን፣ ቅን፣ ችግር ሲያይ መፍትሔ ለመወርወር የሚቸኩል። ለሳን ሆዜ የታተመው ፖስተር ላይ ሉዋምና ኖኅ አንድ ፋኖስ ይዘው ይታያሉ። ሁለት ጎረቤት ሕዝቦች፣ አንድ ጠረጴዛ። የበላይ ኃላፊዋን የማረካቸው ይህ ሥዕል ነው። አሁን ልጅቷ የለችም። ጸሐፊው ሌላ የሐበሻ ልጅ እናስቀምጥ አለ፤ «ፈረንጆቹ አይለዩም፣ አምባሳደር።»

ተቆጥቼ አስወጣሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላስወጣሁትም። ሻይ አፈላሁለት። ለረጅም ጊዜ አሰብሁበት። አንዲት የጎረቤት ልጅ እንኳ በሐሳቤ መጥታልኝ ነበር። ከዚያ የግመሉን አንገት አየሁ፤ እምቢ አልሁ። ከሉዋም ሌላ ማንም በሉዋም ቦታ አይቀመጥም። ያለ እሷ ከሆነ ሳን ሆዜን እሰርዛለሁ። ጸሐፊው ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18። ከቀኑ 6 ሰዓት። ወደብ አጠገብ።

አቶ ተስፋዬ ስልክ አላነሳ ስላለኝ የጭነት መኪኖቹ ወረፋ ድረስ መጣሁ። ከባድ መኪኖች እስከ አውራ ጎዳናው ተሰልፈዋል። አገኘሁት። ከላይ ሆኖ በሩን ከፈተልኝ፤ ክንዴን ይዞ ሳበኝ። በዚህ ዕድሜዬ ያን ያህል ደረጃ! የተሳፋሪው ወንበር ላይ የኖኅ ትራስ አለ። አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

ቪዲዮውን እንዲያነሳ ጠየቅሁት። «ጆክ ነው እኮ፣ አምባሳደር። ለመሳቅም ቪዛ ያስፈልጋል?» ልጅቷ ቀልድ አልመሰላትም አልሁ። ጨዋታውን ያመጡት እርስዎ፣ ካርቶኑን ያመጣሁ እኔ፣ ጥፋቱ ለእኔ ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው አለ። እውነቱን ነው። ያጨበጨብሁትንም አስታወሰኝ፤ በጨዋነት።

ከዚያ ራዲዮውን አጠፋው። ታላቅ ወንድሙ ከድንበሩ ጦርነት እንዳልተመለሰ ነገረኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ወንድሙን የሚያስታውስ አንድም ሰው በዚህ ከተማ የለም አለ። «ሌላው ያለቅስ፤ እኔ የምችለው መሳቅ ነው።»  ለእንዲህ ያለው ነገር ያዘጋጀሁት ሐረግ አልነበረኝም።

ከኋላ ጡሩንባ ተነፋ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ደግፎ አወረደኝ። አነሳዋለሁ አላለም። አላነሳም አላለም።

ውሳኔ፦ ነገ ወደ ወ/ሮ ለተብርሃን ቤት ሽማግሌ እልካለሁ። እኔ፣ ቀሲስ፣ ፓስተር። ደንቡ ይህ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 19። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ይህን ቀን በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

እኔና ፓስተር ጥቁር ሙሉ ልብስ፤ ቀሲስ ቀሚስና ጥምጥም። ከፊት ወንበር ማን ይቀመጥ የሚለው ክርክር ሳን ሊያንድሮ ከተማን እስክናልፍ ቆየ። ቀሲስ አሸነፉ። ፓስተር ከኋላ ሆኖ እስከ ሳን ሆዜ ዘመረ፤ እልኸኛ ዝማሬ።

ወ/ሮ ለተብርሃን በወግ ተቀበለችን። ሻይ፣ ብስኩት፤ እስክንቀመጥ ቆማ። ቀሲስ መረቁ። ፓስተር ጸለየ፤ ረዘመ። እኔ ተናገርሁ። ስለ ሁለት ወንድማማች ሕዝቦች፣ ስለ መጪው ትውልድ፣ ስለ ይቅርታ ታላቅነት። መልካም ንግግር ነው፤ በሌሎች አዳራሾችም ተሞክሯል። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

መካከሉ ላይ ሉዋም ከደረጃው ላይ ተጣራች። ለእናቷ፣ በእንግሊዝኛ። የቀረውንም ግማሽ ሊወስዱ ነው የመጡት?

 ሦስት ሽማግሌ፣ ጥቁር ልብስ፣ አንድ ትልቅ ጥምጥም። ከደረጃ ላይ ሆና ለምታየን ልጅ ምን እንደምንመስል ያን ጊዜ ገባኝ። በሕይወቴ ስንት በር እንዲህ ለብሼ አንኳኩቻለሁ!

ወ/ሮ ለተብርሃን የእኔን ብርጭቆ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። «ለእኔ የመጡትን ተቀብያለሁ፣ አምባሳደር። ቤቱ የተወሰደባት ግን እሷ ናት።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ሁሉም ሰማው። ከኪሴ ዘንባባውን አወጣሁ፤ ጠዋት ከገጾችህ መካከል የወሰድሁትን። ልመልስልሽ ነው የመጣሁት አልኋት ለሉዋም። ወረደች። ተቀብላ ጠርዙን መረመረች፤ የእኛ የጉምሩክ ሰው እንደዚያ መርምሮ አያውቅም። ያጨበጨብሁት ስላልገባኝ እንደ ነበር፣ አሁን ግን እንደማፍርበት ነገርኋት። በአማርኛ ነበር፤ ትሰማለች፣ መልሷ እንግሊዝኛ ነው።  ከዚያ በድንገት «እንቆቅልሽ» አለች።

ምን አውቅልሽ?

በየቀኑ ት/ቤት ይሄዳል፤ ምንም አይማርም።

ተመካከርን። ቀሲስ ሰነፍ ተማሪ አሉ። አይደለም። ፓስተር አውቶቡስ አለ። አይደለም። እኔ የት/ቤቱ ዳይሬክተር አልሁ። ወ/ሮ ለተብርሃን አፏን በእጇ ሸፈነች። ቦርሳ ነው። ከበሩ አጠገብ የተንጠለጠለው የጀርባ ቦርሳዋ፤ ስንገባ ቀሲስ ራሳቸውን የመቱበት።

«አገር ስጠኝ።» ይህን በአማርኛ፣ ከነድምፀቱ። አዲስ አበባን ሰጠሁሽ አልሁ። እዚያ ትኖራለህ? አልኖርም። ራሷን ነቀነቀች። ቀሲስ ሊያግዙኝ ኢየሩሳሌምን ሰጡ። የአንተ ናት? ቀሲስን ሳል ያዛቸው። ፓስተር ሳን ሆዜን በሙሉ አበረከተ። እኔም እኮ እዚሁ ነኝ የምኖረው፣ አለችው።

ወ/ሮ ለተብርሃን ሳቀች፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ይመስለኛል። በእነሱ ቤት ተረቱ ወንዙ ላይ አያልቅም አለች። ዔሊ ወንዝ ስትገባ ጉማሬ ተነሣ። ማን ሰጠሽ አላት። ጦጣ። ጦጣ ከመቼ ወዲህ ወንዝ አላት? አባረራት። ዔሊ ተመልሳ ከዛፉ ሥር ቆመች፤ ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ቆመች። ጦጣ አፍራ ወረደች፤ የራሷን ዛፍ ጥላ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ በእነሱ ቤት «አገር ስጠኝ» የተባለ ሰው ከራሱ ብቻ ነው የሚሰጠው። አባቷ አንድ ጊዜ ተሸንፎ የሬዲዮ ማዳመጫ ሶፋውን ሰጥቷት ነበር፤ እስኪባረር ድረስ ተቀምጣበታለች።

የእኔ የራሴ ምን አለኝ? ቤቱ የልጄ ነው። ማዕረጉ ያለፈ ነው። ቆይቶ መጣልኝ። ሳን ሆዜ አዳራሽ ውስጥ፣ የፊት ረድፍ፣ መካከል፣ ስሜ የተጻፈበት ወንበር። መክፈቻውን የሚናገር ሰው የሚቀመጥበት። እሱን ሰጠሁሽ አልሁ። ለዘላለም።

አሰበች። አስብበታለሁ አለች። «ገብቼ ምን አጥቼ» አላለችም፤ አልተቀበለችም ማለት ነው። እናቷ በሩ ላይ፦ «አላግባባትም፣ አምባሳደር። ካለች ትላለች።»

ስንመለስ ቀሲስ ከኋላ ተቀመጡ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ከቀኑ 7 ሰዓት። ኦክላንድ።

የጠረጴዛው ግማሽ ባዶ ነው። ተረቱን እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው፤ ከጉማሬው ጋር፣ የማን እንደ ሆነም ጠቅሼ። ግማሽ ተረት ይዤ ይህን ያህል ዘመን መኖሬ!

አዲስ ሥራ ሰጠኋቸው፦ የራሳችሁ የሆነ ቦታ ሥሩ፤ ልትሰጡት የምትችሉት። የአልጋ ሥር ተሠራ። የተደራራቢ አልጋ ላይኛው ተሠራ። የአያት ጭን ተሠራ፤ የቬትናማዊቷ የልጅ ልጅ በሐምራዊ ጨርቅ። ከዓለም ካርታ ይልቅ ስለ እያንዳንዱ ቤት ብዙ ተማርሁ። ማን ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ማን በማን ትከሻ እንደሚያንቀላፋ።

ኖኅ የአባቱን መኪና ሠራ። ጋቢናውን ብቻ። ሁለት ወንበር፣ አንዱ ላይ ትራስ። ባለትራሱ ቦታ የእኔ ነው አለኝ። ለማን ትሰጠዋለህ?  ዛሬ በጨዋታው አልገባም፤ ካርዱን ደረቱ ላይ ይዞ ቆየ። አቶ ተስፋዬ ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ልጁ የሠራውን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ መስኮቱን አየ።

ሲወጡ ለሳን ሆዜ ስንት ካርቶን እንደሚበቃ ጠየቀኝ። ሳን ሆዜ መኖሩን አላውቅም አልሁት። አመጣለሁ አለ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ቤት ገብቼ ግሩፑን ከፈትሁ። ቪዲዮው የለም።

የወጣው ግን ወጥቷል። በየሰው ስልክ አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 27። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ከወ/ሮ ለተብርሃን ምንም። አልደወልሁም። መደወል ማግባባት ነው።

የበላይ ኃላፊዋ ቢሮ የመጨረሻውን መርሐ ግብር ጠየቀ። ይሰረዝ ወይስ ይቀጥል?  ባለፈው ሳምንት ሰኞ ያለ እሷ እሰርዛለሁ ብዬ ነበር። ግን ከሰረዝሁት የሰጠኋት ወንበር የታለ? የሌለ አዳራሽ ወንበር ሰጥቼ ጦጣ ልሆን ነው። ይቀጥል አልሁ። ፖስተሩ ግን አይለጠፍ፤ ፈቃዷ አልተገኘም። ጸሐፊው አኮረፈ፤ ቢሆንም ታዘዘ።

ሁለተኛ ትእዛዝ፦ በፊተኛው ረድፍ መካከለኛው ወንበር ላይ የእኔ ስም ይነሣ፤ የሉዋም ይጻፍ። ለልጅ? አለ። ለልጅ። ባትመጣስ? ባዶ ይሆናል። የከተማው ምክር ቤት አባል ከባዶ ወንበር አጠገብ ይቀመጣሉ? ይቀመጣሉ።

 ለአገር ስምምነት ስፈርም እንኳ እንደዚህ ተጨንቄ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል። ሳን ሆዜ፣ የት/ቤቱ አዳራሽ።

ቆሜ ነው የምጽፈው፤ የኋላውን ግድግዳ ተደግፌ። እንግዶች ገብተዋል። መምህራኑ ብዙ ናቸው። አቶ ተስፋዬ ካርቶኑን አራግፎ ከጎኔ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ወንበሩ ባዶ ነው። የበላይ ኃላፊዋ ለምን አልተቀመጡም ብለው በምልክት ጠየቁኝ። የእኔ አይደለም አልሁ፤ በምልክት። ጎንበስ ብለው ስሙን አነበቡ።

አሁንም ባዶ። ፓስተር ሰዓቱን ያያል። ቀሲስ በሩን ያያሉ። የማስጀምርበት ደቂቃ አልፏል። ልጀምር ይሆን? አይደለም፤ ገና።

በሩ ተከፈተ። ወ/ሮ ለተብርሃን። ከኋላዋ ቤተሰቦቹ፤ ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂቱ። ከፊቷ ሉዋም። ካርዷን ይዛለች። በቢጫ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ትልልቅ፣ ዘንባባው ትንሽ ያዘነበለ። የማዕረጉን ረድፍ ሁሉ አቋርጣ ሄደች፤ የምክር ቤቱ አባል እግራቸውን ሰበሰቡላት። ወንበሩ ላይ ወጣች። እግሯ ወለል አይደርስም። ዘወር ብላ እስክታገኘኝ ፈለገችኝ።

ከዚያ ጮኸች፤ በአማርኛ፣ መኪና ውስጥ እንደ ተለማመደችው ግልጽ ነው። «የአምባሳደር ወንበር ገብቼ ምን አጥቼ! አንተ ግን ቁም! እግርህ እስኪያብጥ ቁም!» እናቷ በክርኗ ነካቻት። አረመችው፦ «እርስዎ ግን ይቁሙ! እግርዎ እስኪያብጥ ይቁሙ!»

ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም በአንድ ጊዜ ሳቀ። ይህ ሌላ ሳቅ ነው። የሚስቁት በእኔ ነው። ቆሜአለሁ፤ ያብጥ።

ኖኅ ከአባቱ ጎን ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። አቶ ተስፋዬ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ተወው። ሉዋም ካርዷን በመዳፏ ሸፈነች። ልጁ የጋቢናውን ካርድ፣ ባለትራሱን፣ የወንበሯ ጠርዝ ላይ አኑሮ ተመለሰ። አልነካችውም። አልገፋችውም። እያየችው ነው።

እየጠሩኝ ነው። አሮጌው ረቂቅ ኪሴ ውስጥ ይቅር። አዲሱ ቅደም ተከተል እነሆ፦ የተከበርሽ ሉዋም፤ የተከበርህ ኖኅ፤ የተከበራችሁ ልጆች፤ ውድ ወላጆች፤ መምህራን፤ ቀሲስና ፓስተር፣ ማንኛችሁም ብትቀድሙ፤ ክቡር የምክር ቤት አባል፤ ክብርት የበላይ ኃላፊ።

ክቡር ማስታወሻዬ፣ የተቀደደውን እስኪመለስ ስለጠበቅህልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለአዲሷ ባለ ወንበር፣ እግሯ ወለሉን እስኪነካና ከዚያም በኋላ፣ የተሳካ የሥራ ዘመን እመኛለሁ።